ከፈቱ፣ ገቡ፣ ገፉ፣ ወደቁ

ልጁ ክፍሌ የገባ የመጀመሪያ ቀን ቄሱን «አንተ» አላቸው።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ ካምፓላ ላደጉ የሐበሻ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። በሥራ ቀን የግል ትምህርት ቤት ተቀጥሬ የማስተምረው ሒሳብ ነው፤ የእሑዱ ክፍል ግን የራሴ ነው። ወንበር የምደረድረው፣ ሰሌዳ የምጠርገው፣ ከፊደል ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ የምወስነው እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ቄሱ ጎራ አሉና «እንዴት ናችሁ ልጆች?» አሉ። ትንንሾቹ እንዳስጠናኋቸው በአንድ ድምፅ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን! እርስዎ እንዴት ነዎት?» አሉ። ከኋላ ወንበር ግን፣ በዕድሜም በቁመትም ሁሉንም የሚበልጠው አዲሱ ልጅ፣

«ደህና፤ አንተስ?» አለ።

ልጆቹ አውካኩ። ቄሱም ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ምን እንደተሳቀ ያልገባው ልጁ ብቻ ነበር።

ያኔ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው። እናቱ ጎትታ ነበር ያመጣችው። በሩ ላይ እጁን ሳትለቅ ቆማ፣ «ቲቸር፣ ቋንቋውን ይወቅ ብዬ አይደለም፤ እሑድን እንኳን የት እንዳለ እንዳውቅ ነው» አለችኝ።

ስለ ልጁ የማውቀውን ከሥር ብጀምር ይሻላል። ወደዚህ አገር የመጣው በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ነው። አባቱ እዚህ ጥቂት ከርሞ ወደ ደቡብ አፍሪካ አቀና፤ መጀመሪያ ላይ ይደውል ነበር፣ ኋላ ለበዓል ብቻ፣ በመጨረሻ ስልኩን የምታነሣው «ቁጥሩ አገልግሎት አይሰጥም» የምትለዋ ሴትዮ ሆነች። እናቱ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ሆና ገባች። የሚኖሩት እዚህ «ሙዚጎ» በሚባለው ቤት ነበር፦ በአንድ ረጅም ጣሪያ ሥር ጎን ለጎን የተደረደሩ ክፍሎች፣ ለየቤተሰቡ አንድ ክፍል፣ አንድ በር፣ አንድ ባለ ብረት መስኮት። ልጁን የሚይዝላት ሰው ስላልነበራት ጠዋት ስትወጣ ከውጭ ትቆልፍበታለች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። «ምን ላድርግ? ውጭ ብተወው መኪና፣ ይዤው ብሄድ የፈላ ዘይት» ብላ።

ቀኑን ሙሉ በመስኮቱ ብረት መሀል እጁን አውጥቶ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወት ይውላል። ሉጋንዳ የተማረው በዚያ መስኮት ነው። እንግሊዝኛን ትምህርት ቤት ሲገባ ተማረ። አማርኛን ግን ከእናቱ፣ እሷም ማታ ደክሟት ስትመለስ ነበር የሚሰማው፦ «ብላ። ታጠብ። ተኛ። እንዳትወጣ።»

ቄሱን «አንተ» ካለ በኋላ ነገሩን ብዙ አሰብኩበት። ልጅ አንቱታን ከመጽሐፍ አይማርም። እናቱ አያቱን ወይም ጎረቤት ሽማግሌን «እርስዎ» ስትል ሰምቶ ነው የሚማረው። ለአክብሮት ቢያንስ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፦ የሚያከብር፣ የሚከበርና አጠገባቸው ሆኖ የሚሰማ። በዚያ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው። «እርስዎ» የሚባል ሰው በዚያ በር ገብቶ አያውቅም።

የገባው ሌላ ዐይነት ሰው ነው። እናቱ ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጋር መኖር ጀመረች። እሷ ሥራ ላይ ስትሆን ሰውየው በሩን ዘግቶ ልጁን በኤሌክትሪክ ገመድ ይገርፈው ነበር። እሷ ያወቀችው ዘግይታ ነው፤ ባወቀች ዕለት ሻንጣውን አውጥታ ደጅ ጣለችለት። ሰውየው ሄደ፤ ልጁ ግን ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ውስጥ እንቅልፍ አልወስድህ አለው። በር ሲዘጋ ላብ ያጠምቀዋል። መጀመሪያ ማደሩን ተወ፣ ቀጥሎ ትምህርቱን። ካትዌ ወረደ፤ እዚያ የብረት በርና የመስኮት ፍርግርግ የሚበይዱ ሰዎች ዘንድ ብረት ያዥ ሆነ። ወርክሾፑ ውስጥ ታላላቆቹ የሆኑ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። የተከራዩት ክፍል ውስጥ ጥግ ሰጡት፣ ከሚበሉት አበሉት። እሱ «ወንድሞቼ» ይላቸዋል። እናቱ «እነዚያ ልጆች» ትላቸዋለች። እኔ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሞቱትን ሰው ሁላችንም የምንጠራቸው «ጋሼ» ብለን ነው፤ እዚህም እንዲሁ ልጥራቸው። ኪኩቦ ገበያ ውስጥ፣ ተሸካሚው «መንገድ! መንገድ!» እያለ በሰው ትከሻ ላይ በሚያልፍባት ጠባብ መተላለፊያ፣ የቅመምና የጥራጥሬ መደብር ነበራቸው። ልጅ አልወለዱም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ክፍሌ ይመጡና ከኋላ ወንበር፣ ከልጁ አጠገብ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። «አማርኛዬ እዚህ አገር ዝጎብኛል፤ አንቺ ጋ ላስወልውለው» ይሉኝ ነበር።

አንድ እሑድ አንቱታን ላስተምር ተነሣሁ። ሰሌዳው ላይ «ልጆቹ መጡ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ «አያቴ መጡ» አልኩ።

«እዩ» አልኳቸው። «አያቴ አንድ ሰው ናቸው፤ ግሡ ግን የብዙ ነው። ስናከብር አንዱን ሰው እንደ ብዙ እንቆጥረዋለን።»

ልጁ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ‹መጡ› ብቻ ብትዪኝ ስንት ሰው እንደመጣ በምን ዐውቃለሁ?»

«ከዐውዱ።»

«ዐውድ ምንድነው?»

«ከፊቱና ከኋላው ያለው ወሬ።»

«ወሬው ከሌለስ?»

ጋሼ ከጎኑ ሳቁ። «ወሬው ከሌለማ ወጥተህ ትቆጥረናለህ!»

«አንተ ስንት ነህ?» አላቸው።

አንዲት ትንሽ ልጅ ዞራ፣ «‹እርስዎ› በል እንጂ! ‹እርስዎ›!» ብላ ጮኸችበት።

«ተዪው» አሉ ጋሼ። «እግዜርንስ አንተ አይደል የምንለው? ይሄ ልጅ ከማን ጋ እኩል እንዳደረገኝ ታውቂያለሽ?»

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወዳጆች ሆኑ። ቅዳሜ ቅዳሜ መደብሩ ሄዶ ጆንያ ያነሣላቸዋል፤ ሥራ ሲያልቅ ቤታቸው ይዘውት ሄደው ባለቤታቸው፣ እትዬ፣ ያበሉታል። አንተታው ግን እንዳለ ነው። እኔ ላርመው ስል ጋሼ «ተዪው» ይላሉ። ሳልሰማው ሌላ ቦታ ብሎ እንደሆነ አላውቅም እንጂ፣ እኔ ባለሁበት አንድም ቀን «እርስዎ» ብሏቸው አያውቅም።

ስለ ጋሼ በር ደግሞ ማስረዳት አለብኝ፤ ያለዚያ የቀረው አይገባም። በሰፈሩ ሌባ ስለበዛ የብረት በር አስገጥመዋል። እዚህ እንደተለመደው በሩ ላይ እጅ የምታስገባ ቀዳዳ አለች፤ ከውስጥ በኩል መወርወሪያና ጓጉንቸር። ሰው ሲያንኳኳ በእንግሊዝኛም በሉጋንዳም አይመልሱም። በአማርኛ «ማነው?» ይላሉ። «እኔ ነኝ» ካልተባለ አይከፈትም። «እኔ ነኝ» ከተባለም «እኔ ማን?» ይከተላል። አንድ ቀን ኡጋንዳዊት ጎረቤታቸው ጨው ልትበደር መጥታ፣ ከበር ውጭ የሰማችውን ይዛ «ኤኔ ኔኝ!» አለች። «እኔ ማን?» አሏት። መልሱን አልተማረችምና «ኤኔ ማን!» ብላ መለሰች። ጋሼ እየሳቁ ከፈቱላት። ይህን ክፍሌ መጥተው ሲያወሩልን ልጆቹ ከወንበር እስኪወድቁ ሳቁ። የጋሼን በር ወግ የማያውቅ ሐበሻ በእኛ አካባቢ አልነበረም። ሌባ አማርኛ አይችልም ብለን ነው መሰል፣ ማናችንም ምንም አላልናቸውም።

አንድ ምሽት፣ ገና ለዐይን ያዝ ሲያደርግ፣ እትዬ አራስ ሊጠይቁ በወጡበት ሰዓት ጋሼ ቤት ሌቦች ገቡ። ጋሼ ተገፍተው ወደቁ፤ ጭንቅላታቸው የደፉን ጠርዝ መታ። እዚያው ሞቱ። ሁለቱ ሌቦች ስልካቸውንና አንድ ቦርሳ ይዘው አመለጡ። ሦስተኛው አላመለጠም። ጎረቤት ተጠራርቶ ሲደርስ፣ የእኔ ተማሪ የጋሼን ጭንቅላት ታፋው ላይ አድርጎ በሩ ሥር ተቀምጦ ነበር። እዚህ ከተማ ሌባ የያዘ ሰፈር ፖሊስ አይጠብቅም፤ ድንጋይ ያነሡ ነበሩ። የመንደሩ ሊቀመንበር በልጁ ላይ ተደፍቶ «መጀመሪያ እኔን!» እያለ ነው ያተረፈው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ለቅሶ ቤት ደረስኩ። እትዬ አላለቀሱም። እጄን ይዘው አንድ ነገር ብቻ ደጋግመው ጠየቁኝ። «‹እኔ ማን› ሳይሉ አይከፍቱም፣ ልጄ። ለማን ከፈቱ?»

ከሰዓት በኋላ ከፖሊስ ጣቢያ ተደወለልኝ። አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ይፈለጋል።

«ልጁ እንግሊዝኛ ይችላል» አልኩ። «ሉጋንዳውማ ከማንም አያንስም።»

«እናውቃለን» አለኝ መርማሪው። «በአማርኛ ካልሆነ አልናገርም ብሏል።»

ቦዳ ተሳፍሬ ሄድኩ። ሞተረኛው በመኪኖቹ መሀል ሲሽሎከለክ እኔ በልቤ እያሰብኩ የነበረው ለመርማሪ ትርጉም ስለሚያስፈልጉ ቃላት ነው፤ «ተጠርጣሪ» በእንግሊዝኛ፣ «ቃል መስጠት» በእንግሊዝኛ። ተዘጋጅቼ መድረስ እወዳለሁ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አራት ወንበር፣ ከግድግዳው ጥግ ወደ ሌላ ግድግዳ የሚያይ መስኮት። መርማሪው ጎልማሳ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ። ልጁ የሰው ሹራብ ለብሷል፤ የራሱን ሸሚዝ ፖሊሶቹ ወስደውታል። እናቱ ከምግብ ቤቱ ሽርጧን እንኳን ሳትፈታ ነው የመጣችው።

መርማሪው መጀመሪያ ለእኔ አስረዳኝ፤ እኔም ለእናትና ለልጅ ተረጎምኩ። ልጅ ያለ ወላጅ አይጠየቅም፤ ስለዚህ እናቱ ትቀመጣለች። በሩ አልተሰበረም። ጓጉንቸሩ ገና ያልተቆለፈ ከነበረ፣ አንድ ሰው በቀዳዳዋ እጁን አስገብቶ መወርወሪያውን መሳብ ይችላል። «ሁለቱ ራሳቸው ከፍተው ከገቡና እሱ ከኋላ የተከተለ ከሆነ፣ ምስክሬ ነው» አለ። «ዛሬ ከእናቱ ጋር ቤቱ ይገባል። ያስከፈተላቸው እሱ ከሆነ ግን፣ አብሯቸው በነፍስ ግድያ ይከሰሳል። አንቺ ያለውን እንዳለ ንገሪኝ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።»

ይህን ስተረጉም የእናቱ ዐይን ከአፌ ላይ አልተነሣም።

ከመጀመራችን በፊት ልጁን «ለምንድነው በአማርኛ ያልከው?» አልኩት።

«እናቴ እንድትሰማ» አለ። እሷ እንግሊዝኛ አትችልም፤ ሉጋንዳዋም የገበያ ነው።

ከዚያ ጠረጴዛውን እያየ ተናገረ። «አመሻሽ ላይ ሄድን። ልጆቹ ግንቡ ጋ ቆሙ። እኔ በሩ ጋ ቆምኩ። ከዛ ከፈቱ። ገቡ። ገፉ። ወደቁ።»

የጨረሰ ይመስላል።

አማርኛ የሚችል ሰው ምን እንደገጠመኝ ይገባዋል። አራት ግሦች፣ አራቱም ጫፋቸው አንድ። የገቡት ልጆቹ፣ እሱ «ወንድሞቼ» የሚላቸው ሁለቱ ናቸው። የገፉትም ልጆቹ። የወደቁት ግን ልጆቹ አይደሉም፤ የወደቀ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሳቸውም ጋሼ ናቸው። «ወደቀ» አላለም፤ «ወደቁ» አለ። ያ ልጅ ጋሼን ሲያከብራቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ታዲያ «ከፈቱ» የማን ነው? የልጆቹ ከሆነ ቤቱ ይገባል። የጋሼ ከሆነ፣ ጋሼ ደግሞ በምን ድምፅ እንደሚከፍቱ ሁላችንም እናውቃለን።

በአማርኛ ዝም ብሎ ማለፍ ይቻላል። ቃሉ ሁለቱንም ይዞ ይቀመጣል። እንግሊዝኛ ግን አያሳልፍም፤ ወይ አንድ ሰው ወይ ብዙ ሰው በል ብሎ በር ላይ ያቆማል።

«አመሻሽ ላይ ሄድን ይላል» ብዬ ጀመርኩ። «ሁለቱ ግንቡ ጋ ቆሙ። እሱ በሩ ጋ ቆመ።» እዚያ ቆምኩ።

እናቱ ወደ እኔ ዘንበል አለች። «ቲቸር፣ ልጆቹ ከፈቱ ነው ያለው። እንደሱ በዪለት።»

«ምን አለች?» አለ መርማሪው።

«ከዚያ በሩ ተከፈተ» አልኩት። ለተማሪዎቼ የማስተምረው ሰዋስው ነው፤ አድራጊው ሳይጠራ ድርጊቱ ብቻ የሚነገርበት።

መርማሪው ብዕሩን አላነቃነቀም። «በማን?»

እናቱ ጥያቄው ገባት፤ ቃሉ ሳይሆን ዝምታዬ ነው የነገራት። «አንድ ልጅ ነው ያለኝ» አለችኝ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እየለመነችም እየተቆጣችም። «እዚህ እሱ ያለውን የሚሰማ የለም። የሚሰማው አንቺ ያልሽው ነው። አየሽ? አንቺ ያልሽው።»

እውነቷን ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ዐይነት ቦታ ላይ ቆሜ አላውቅም። «ልጆቹ» ብል ውሸት ነው ብሎ የሚመሰክርብኝ ሰው የለም፤ ልጁ ራሱ የተናገረው ቃል ያስኬደዋል። «እሳቸው» ብል ልጁ ያላለውን ልጨምርበት ነው፤ እኔ የገመትኩትን ነው የምፈርድበት። ዝም ብል መርማሪው ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል። በየትኛውም በኩል መውጫ የለም። እትዬ ደግሞ ለቅሶ ቤታቸው ውስጥ «ለማን ከፈቱ?» እያሉ ነው።

በመጨረሻ የማውቀውን አንድ ነገር አደረግሁ። አስረዳሁ። በቋንቋችን አንድ የተከበረ ሰው በብዙ ቁጥር እንደሚነገርለት፣ ልጁ የተናገረው ቃል ሁለት ባለቤት ሊኖረው እንደሚችል፣ የትኛው እንደሆነ እኔ መምረጥ እንደማልችል ነገርኩት። ፈረንጅ መርማሪ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ቢሆን ምናልባት አይገባውም ነበር። ይሄኛው ግን ራሱን ነቀነቀ።

«እኛም ሽማግሌ ሰላም ስንል እንደዚያው ነን» አለ። «አማቴ አንድ ሰው ናቸው፤ ሳናግራቸው ግን እንደ ሠራዊት ነው።» ፈገግ ሊል ነበር፤ ተወው። «እንግዲያው ጠይቂውና ለዪልኝ።»

ወደ ልጁ ዞርኩ። ጥያቄውን ሳቀርብ ሁለቱንም መልሶች አብሬ እያቀረብኩለት እንደሆነ፣ የትኛው ቤቱ እንደሚያስገባውም ቀድሞ እንደሰማ ዐውቃለሁ። «በሩን የከፈቱት ጋሼ ናቸው ወይስ ልጆቹ?»

«ልጆቹ በል» አለች እናቱ። «ልጄ። ልጆቹ በል።»

ልጁ እናቱን አየ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

«‹ማነው?› አሉኝ» አለ። «‹እኔ ነኝ› አልኩ። ‹እኔ ማን?› አላሉኝም። ድምፄን ያውቁታል። እሳቸው ናቸው የከፈቱት፣ ቲቸር። አንድ ናቸው።»

ተረጎምኩት። «እሳቸው» በእንግሊዝኛ አንዲት አጭር ቃል ናት።

መርማሪው እየጻፈ ጠየቀ፤ እኔም አንድ በአንድ አሻገርኩ። ለምን አብሯቸው ሄደ? «የማድርበት የለኝም። ካላንኳኳህ ዛሬ ውጭ ታድራለህ አሉኝ። ስልክና ዕቃ ብቻ ነው፣ ሰው አንነካም አሉኝ።» ለምን ወደ እናቱ አልሄደም? «እዛ በሩ ሲዘጋ መተንፈስ አልችልም» አለ። እናቱ ሽርጧን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። እሺ፣ ሌሎቹ ሲሮጡ እሱ ለምን አልሮጠም? ጥያቄው ግራ ያጋባው ይመስል አየኝ። «ጭንቅላታቸው መሬት ላይ ነበራ» አለ።

ልጁን ሲወስዱት እናቱ አልጮኸችም። ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባት። ምን ልላት እንደፈለግሁ አላስታውስም፤ ሳልጀምር አቋረጠችኝ።

«አንቺ ጋ ያመጣሁት እሑድን የት እንዳለ ልወቅ ብዬ ነበር» አለች። «ይኸው፣ ከእንግዲህ ሰኞንም ማክሰኞንም ዐውቃለሁ።»

ሁለቱ ወጣቶች ብዙ ሳይቆዩ ተያዙ። ሦስቱም ተከሰሱ፤ ልጁ ዕድሜው ስላልደረሰ ከከተማ ውጭ ወዳለ የልጆች ማረሚያ ተላከ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ስለ እኔ የሚባለው ሁለት ዐይነት ነው። አንዳንዶቹ «እውነት ተናገረች» ይላሉ፤ ሌሎቹ «የአገሯን ልጅ አሳልፋ ሰጠች፤ ዝም ብትል ምን ነበረበት?» ይላሉ። ሁለቱም ወገን የተናገርኩት እኔ እንደሆንኩ አድርገው ነው የሚያወሩት። የተናገርኩት እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው። ይህን ግን ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም። እትዬ የሆነውን ስነግራቸው ብዙ አልጠየቁኝም። «‹እሳቸው› አለ?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ልጁ ክፉም ደግም ሲናገሩ አልሰማኋቸውም።

ማረሚያው ጠያቂ በሚያስገባበት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ልጠይቀው ተነሣሁ። የጂንጃን መንገድ የሚሄድ ታክሲ ተሳፈርኩ፤ ካጠገቤ ያለው ቦታ ብቻ ባዶ ቀርቶ ሳለ እናቱ ገባች። አየችኝ። ልትወርድ ዞር አለች፤ ረዳቱ ግን በሩን ከኋላዋ ዘግቶ «ተጠጉ፣ ተጠጉ» እያለ ገፋት። ተቀመጠች። ናካዋ ላይ መንገዱ እንደ ሁልጊዜው ቆመ፤ ፊታችን ጭነት መኪና፣ ኋላችን አውቶቡስ፣ መስኮቱ ላይ ውኃና ብስኩት የሚሸጡ እጆች። ትከሻችን ተጣብቆ፣ ላባችን አንድ ላይ ሆኖ ተቀመጥን። ጉልበቷ ላይ በጨርቅ የታሰረ ምሳ ዕቃ አለ። ሽታው የሐበሻ ወጥ ሳይሆን የዚህ አገር የተቀቀለ ሙዝ ነበር።

«ማቶኬ ነው» አለች፤ ሳታየኝ። «እንጀራ አልወድም ይላል።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

ማረሚያው ጋ ስንደርስ ቀድማኝ ወረደች።

በሩ ላይ ዘበኛው በእንግሊዝኛ ጠየቃት። እሷ ወደ እኔ ዞረች።

«ማንን ልትጠይቂ ነው የመጣሽው ይልሻል» አልኳት።

«የማን እናት እንደሆንኩ ንገሪው። እኔ የምልሽን ብቻ።»

ነገርኩት። ዘበኛው አሳለፋትና ወደ እኔ ጣቱን ቀሰረ። የሚገባው ቤተሰብ ብቻ ነው አለ። እኔ የልጁ አስተማሪ መሆኔን፣ አስተማሪ ደግሞ ለታራሚ ልጅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በጥሩ እንግሊዝኛ ላብራራለት አፌን ከፈትኩ።

እናቱ ከውስጥ በኩል ቆማ ታየኛለች። «ምንድነው የሚልሽ?»

«ምኑ ነሽ ነው የሚለኝ። ቤተሰብ ካልሆንሽ አትገቢም አለኝ።»

ምሳ ዕቃውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«እህቱ ነኝ በዪው» አለችኝ። «ዛሬ እንኳን አታስረጂ።»

«እህቱ ነኝ» አልኩት ዘበኛውን።

ገባሁ።